ለቀለም የተሠራ ሰም መስታወትና ቸርኬ ላይ ሲወጣ

መኪናውን በገዛ እጁ ሰም የቀባ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኮፈኑ ተወልውሎ አልቋል፤ ጨርቁ ላይ ግን ጥቂት ሰም ቀርቷል። እጅ አንዴ ከጀመረ በቀላሉ አይቆምምና ከኮፈኑ ጠርዝ ተሻግሮ የፊት መስታወቱ ላይ ይወጣል። «ቀለሙን እንዲህ ካሳመረው መስታወቱን ምን ይጎዳዋል?» ይላል ልብ። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ብዬ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ቀባሁት። በቀን ሲታይ እንከን አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ማታ ካፊያ ጀመረ። መጥረጊያውን ስከፍተው ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ወተት የመሰለ ስስ ጭጋግ ከኋላው ይጎትታል። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና መብራት እዚያ ጭጋግ ላይ ሲያርፍ ተበትኖ መስታወቱን በሙሉ ነጭ መጋረጃ አደረገው። መጥረጊያው ደግሞ መንሸራተቱን ትቶ እየዘለለና እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ዳር ይዤ ቆምኩ።

ነገሩን በቅጡ ለመረዳት የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው። መልሱ «ሰም መስታወት አይነካም» የሚል አጭር ክልከላ ይመስለኝ ነበር፤ ሆኖ አላገኘሁትም። ያው ሰም የጎንና የኋላ መስታወት ላይ ምንም አይል። ቸርኬ ላይ የሚቀባ ጥሩ ሽፋን እንዲያውም ከብዙ ልፋት ያድናል። አንድ ሽፋን የሚበጅ ወይም የማይበጅ መሆኑን የሚወስነው ከተቀባ በኋላ የሚጠብቀው ኑሮ ነው፦ ምን ይፈገፍገዋል? ምን ያህል ይሞቃል? ዓይን በእሱ ውስጥ አሻግሮ ያያል ወይስ አያይም?

መጀመሪያ ሰሙ በሚሸጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ስላለው ነገር እንነጋገር። ስሙ የገነነው የመኪና ሰም ካርናውባ ይባላል። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የሚበቅል የዘንባባ ዛፍ ቅጠሉ እንዳይደርቅ ራሱ የሚያመነጨው ሰም ነው፤ ቅጠሉ ተቆርጦ ይደርቅና እየተመታ ዱቄቱ ይራገፋል። ከተፈጥሮ ሰሞች ሁሉ እጅግ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ ቸርኬው ጋ ስንደርስ ትፈለጋለች። ንጹሕ ካርናውባ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ስለሆነ ማንም በጨርቅ ሊቀባው አይችልም። ስለዚህ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው በማሟሚያ፣ በዘይትና በሌሎች ለስላሳ ሰሞች የተበረዘ ነው። ስንቀባው ማሟሚያው ይተንና ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ይቀራል፤ እሱን ስንወለውል ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የሚሳሳ ሽፋን ቀለሙ ላይ ያርፋል።

ሲላንት እየተባለ የሚሸጠው ደግሞ ሰው ሠራሽ ዘመዱ ነው። በአብዛኛው ከሲሊኮን ቤተሰብ በሆኑ ፖሊመሮች (እንደ ሰንሰለት በተቀጣጠሉ ውህዶች) የተሠራ ስለሆነ ሙቀትንና ሳሙናን ከሰም ይበልጥ ይችላል። ሰም በሳምንታት የሚለቅ ከሆነ ሲላንት ወራትን ይቆያል። ውበት ላይ ሰሙን የሚመርጡ አሉ፤ ጥቁር መኪና ላይ ያለውን ጥልቀት አይቼ እኔም አልፈርድባቸውም።

ሁለቱም የታሰቡት ለቀለም ነው። የመኪና ቀለም ከላይ የሚታየው ክፍሉ ቀለም የሌለው ቬርኒሽ ነው፤ እሱም ሙጫ ነክ ነገር ስለሆነ ከሰም ጋር ባሕርያቸው ይቀራረባል። የተቀባውን ሰም በየደቂቃው የሚፈገፍገው የለም። ፀሐይ ያገኘዋል፣ ዝናብ ይወርድበታል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ይታጠባል። ለስስ ሽፋን ይህ የተመቸ ኑሮ ነው።

መስታወት ላይ ግን ሌላ ነው። መስታወት በዋናነት ሲሊካ ነው፤ ሲሊከን ከተባለው ንጥረ ነገር (ከሲሊኮን ይለያል) እና ከኦክስጅን የተሠራ። ገጹ ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች እንደ ጥቃቅን እጆች ተዘርግተው ቆመዋል፤ እነዚህ እጆች ደግሞ ውኃ ወዳጅ ናቸው። በእውነት የጸዳ መስታወት ላይ ውኃ ብታፈሱ የማይንጠባጠበው፣ ተዘርግቶ አንድ ወጥ ልባስ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሰም በተቃራኒው ውኃን ይሸሻል። መስታወቱ ላይ ሲቀባ የሚጨብጠው ነገር ስለማያገኝ እንደ እንግዳ ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ገፋ ያደረገው ሁሉ ያንሸራትተዋል።

የሚገፋው ደግሞ አለ። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ከዝናብ መጥረጊያ ፍጥነቶች አንዱ ቢያንስ በደቂቃ 45 ዙር እንዲሆን ያዛል። አንድ ሰዓት የቆየ ዝናብ ውስጥ በዚህ ፍጥነት የነዳ ሰው መጥረጊያው 2,700 ጊዜ ደርሶ ተመልሷል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ 5,400 ጊዜ በጎማ ጠርዝ ተፍቋል። ኮፈናችሁን በአንድ ሰዓት ውስጥ 5,400 ጊዜ በጎማ ብትፍቁት በላዩ ያለው ሰም ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። መስታወቱ ላይ ያለው ሰም ግን ተፍቆ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ከፊሉ ከመጥረጊያው ጠርዝ ጋር ይጣበቃል፣ ከፊሉ እንደ ስስ ቅባት በቅስት ይዘረጋል። በሚቀጥለው ዙር መጥረጊያው የያዘውን መልሶ ይቀባል።

መንቀጥቀጡም ከዚሁ የመጣ ነው። የመጥረጊያው ጎማ ጠርዝ በስስ የውኃ ሽፋን ላይ እንዲንሸራተት ነው የተሠራው። ሰም ባለበት ቦታ ውኃው ተሰብስቦ ጠብታ ስለሚሆን ጎማው ደረቅ ቦታ ያገኛል፤ ይጣበቃል፣ ይታጠፋል፣ ከዚያ ድንገት ይለቅና ይዘላል። ሰም የሌለበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ይንሸራተታል። ይህ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ሲሆን የሚሰማው ያ ጆሮ የሚበላ ድምፅ ነው። መጥረጊያው ሳያረጅ የሚለውጥ ሰው ብዙ ነው፤ አንዳንዴ ጥፋተኛው ከላዩ የተለጠፈው ሰም ብቻ ሆኖ፣ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠርዙን ሁለት ጊዜ መጥረግ ይበቃ ነበር።

እዚህ ላይ ማስታወቂያ የሚያሳየንን ነገር ማንሳት ግድ ይለኛል። ፎቶግራፉ ላይ ሁልጊዜ ክብ፣ ድቡልቡል፣ ዕንቁ የመሰለ የውኃ ጠብታ አለ። ጠብታ ክብ ሆኖ መቆሙና ጠብታ ተንሸራቶ መሄዱ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኬሚስቶች የጠብታውን ክብነት የሚለኩት ጠርዙ ከገጹ ጋር በሚሠራው ማዕዘን ነው። የጸዳ መስታወት ላይ ማዕዘኑ ወደ ዜሮ የቀረበ ነው፤ ጠብታው ተኝቷል። ሰም ላይ ከ90 ዲግሪ ያልፋል፤ ጠብታው ቁጢጥ ብሏል። ቁጢጥ ያለ ጠብታ ሁሉ ግን አይሮጥም። ሰም የተቀባ መስታወትን ብታዘነብሉት ትንንሾቹ ጠብታዎች ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ ክብ ሆነው እዚያው ተጣብቀው ይቀራሉ። ኮፈን ላይ ይህ ያምራል። ፊት ለፊታችሁ ባለው መስታወት ላይ ግን እያንዳንዷ ጠብታ ትንሽ ሌንስ ናት፤ ማታ ማታ እያንዳንዷ የራሷን መብራት ታበራለች። ሾፌር የሚፈልገው ጠብታው እንዲያምር ሳይሆን ከፊቱ እንዲሄድለት ነው።

ለዚህ ተብሎ የተሠራው የመስታወት ሽፋን ሥራው ከሰም ይለያል። በጣም የታወቀው ሬን-ኤክስ የተባለው ምርት ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሃዋርድ ኦልሃውሰን የፈጠራ መብቱን ያገኘበት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሲሊኮን በአልኮል ውስጥ ከጥቂት አሲድ ጋር ይሟሟል፤ አሲዱ ሲሊኮኑ ከመስታወቱ ገጽ ጋር እንዲተሳሰር ይረዳዋል። ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው ጥቃቅን እጆች አሁን የሚጨብጡት አገኙ፤ ሲሊኮንም እንደ መስታወቱ ሁሉ የጀርባ አጥንቱ ሲሊከንና ኦክስጅን ስለሆነ ዘመድ ከዘመድ ተገናኘ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ፍሎሪን ያለባቸው ሽፋኖች ውኃን ይበልጥ ያባርራሉ፣ ረዘም ያለ ጊዜም ይቆያሉ። እነዚህም መጥረጊያ ይበላቸዋል፤ ሆኖም ሲያልቁ ከሰም ያነሰ ቅባት ትተው ነው። በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ ነፋሱ ጠብታዎቹን ወደ ላይ እየነዳ ያራግፋቸዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው መጥረጊያውን ማጥፋት ያምረዋል።

«የእኔ ሲላንት ግን ለመስታወትም ይሆናል ተብሎ ተጽፎበታል» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሲላንቶች፣ በተለይ ነጭ አቧራ የማይተዉት ፈሳሾች፣ መስታወት ላይ ደህና ይይዛሉ። ጽሑፉን ስታነቡ ግን አንዲት ቃል ፈልጉ፦ «መስታወት» ይላል ወይስ «የፊት መስታወት»? ልዩነቱ መጥረጊያው ነው። አምራቹ የፊቱን ለይቶ ካልጠቀሰ ሲላንቱን ለጎንና ለኋላ አውሉት። ቀለም የሚያጸዳና ሰም የሚቀባ ተብሎ ሁለት ሥራ በአንድ ቆርቆሮ የሚሸጠው ደግሞ ደቃቅ መሞረጃ ዱቄት ሊኖርበት ስለሚችል ጭራሹን ከመስታወት ይራቅ፤ በመስታወቱ ዳር ያሉት ጎማዎች ላይ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ነጠብጣብ ብቻውን ያስመርራል።

የጎን መስታወትና ስፖኪዮ ላይ ግን እጃችሁን ፍቱ። መጥረጊያ የለም፤ ጭቃና የነፍሳት ቅሪት በቀላሉ ይለቃል፤ ዝናብ ላይ ስፖኪዮው ቶሎ ይጠራል። የኋላ መጥረጊያ ያለው መኪና ከሆነ መጥረጊያው የሚደርስበትን ግማሽ ጨረቃ መዝለል ነው። ከውስጥ በኩል ግን ምንም አይነት ሰም አይቀባ፤ የሚያባርረው ዝናብ የለም፣ የሚያተርፈው ጭጋግ ብቻ ነው።

ዘመናዊ መኪና ያላቸው ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ያስቡ። ዝናብ ሲጀምር መጥረጊያውን በራሱ የሚያስነሣው መሣሪያ የሚሠራው በብርሃን ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን በሰያፍ ይልካል፤ መስታወቱ ደረቅ ከሆነ ብርሃኑ ተንጸባርቆ ይመለሳል፣ ጠብታ ካረፈበት ከፊሉ ወደ ውጭ ያመልጣል። የጎደለውን ብርሃን ቆጥሮ ነው «ዘነበ» የሚለው። ሽፋን የጠብታውን ቅርጽና መጠን ስለሚለውጥ ይህ ስሌት ሊዛባና መጥረጊያው ሊዘገይ ወይም ያለ ጊዜው ሊነሣ ይችላል። መንገድ የምታነብ ካሜራም ከዚያው አካባቢ ስላለች ፊቷ በጭጋግ እንዳይሸፈን መጠንቀቅ ነው።

አስቀድሞ ቀብቶ የተጸጸተስ? እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብኩት፤ ብዙውን አነሣው፣ ሁሉንም አላነሣም። ቀጥሎ አልኮል በነካ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ከላይ ወደ ታች፣ ጨርቁን በየጊዜው እየገለበጥኩ ጠረግኩት። ጨርቁን ያልገለበጠ ሰው ያነሣውን ሰም መልሶ ይቀባዋል። ከዚያ ፍተሻው መጣ፤ አንድ ኩባያ ንጹሕ ውኃ ከመስታወቱ አናት ላይ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ሰም የቀረበት ቦታ ራሱን ይናገራል። ውኃው እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ሲወርድ ቆይቶ እዚያ ሲደርስ ይቀደዳል፤ በቀዳዳው ዙሪያ ይሰበሰብና ደረቅ ደሴት ትቶ ያልፋል። በሾፌሩ በኩል መዳፍ የምታህል ደሴት ነበረች፤ አልኮል አልበገራትምና ለመስታወት ብቻ የሚሠራውን የሴሪየም ኦክሳይድ መወልወያ በእርጥብ ስፖንጅ ስፈገፍግባት ለቀቀች። አንሶላው ሳይቀደድ እስከ ታች ከወረደ መስታወቱ ጸድቷል፤ ትክክለኛውን የመስታወት ሽፋን መቀባትም የሚጀመረው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ቸርኬው እንውረድ። የአብዛኛው አልሙኒየም ቸርኬ ገጽ ልክ እንደ መኪናው ገላ በቬርኒሽ የተሸፈነ ነው። ስለዚህ ለቀለም የተሠራ ሰምም ሲላንትም ያለ ጭንቀት ይቀባል። ጠላቱ እዚህ መጥረጊያ ሳይሆን ሙቀት ነው።

ሙቀቱ ምን ያህል ነው ቢባል አንድ ስሌት እንሥራ። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲበር የያዘው ጉልበት ወደ 580 ኪሎ ጁል ይጠጋል። ፍሬን ይዞ ሲቆም ያ ጉልበት ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ይሆናል፤ ከአንድ ሊትር ተኩል የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ። ይህ ለአንድ ጊዜ መቆም ነው፤ አብዛኛውም የሚያርፈው የፊት ፍሬኖች ላይ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዲስኩ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይሞቃል። ቸርኬው የዚያን ያህል ባይሞቅም ዲስኩን አቅፎ ስለተቀመጠ ከፍሎ ይቀበላል፤ ያቺ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ያልናት የካርናውባ ወሰን እዚህ ሩቅ አይደለችም። የለሰለሰ ሰም ደግሞ አቧራ የሚይዝ ሙጫ ነው። ቸርኬ ላይ ሲላንት የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ያለው ሰም ብቻ ከሆነ ይቀባ፣ ግን ቶሎ ቶሎ።

አቧራው ተራ አቧራ ቢሆን ኖሮ ውኃ በበቃው ነበር። ፍሬን ስንይዝ ሸራውና የብረት ዲስኩ ይፋፈቃሉ፤ የሚበነው የብረት ብናኝ፣ ካርቦንና የሸራው ሙጫ ድብልቅ ነው። ገና እንደጋለ ቸርኬው ላይ ያርፋል፣ ሙጫው ያጣብቀዋል፣ እርጥበት ሲያገኝ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም ቬርኒሹን ይበላል። ያ ስንት ጊዜ ቢታጠብ የማይለቅ ቡናማ ነቁጥ እሱ ነው። ሽፋኑ ይህን ጨርሶ አያስቀርም። ብናኙ ቬርኒሹን እንዳያገኝ መሐል ይገባል፤ ሲታጠብም አብሮት ይለቃል።

ያላነሣነውን ቆሻሻ ሸፍነን ብንቀባ ግን እዚያው ማሸግ ነው። ቸርኬው እንደቀዘቀዘ (በእጅ ሲነካ ምንም የማይሞቅ ሆኖ) በሳሙና ይታጠብ። ቀጥሎ የብረት ማስለቀቂያ የሚባለው ፈሳሽ ይረጫል፤ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጥና ቸርኬው የሚደማ ይመስላል። ሽታው የሰልፈር ዘር ስለሆነ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይሞከር። ሳይደርቅ ይታጠብ። አሲድ ያለበት ኃይለኛ ማጽጃ ፈጣን ነው፤ ቬርኒሹ የተሰነጠቀ ወይም ከመጀመሪያውም የሌለው አልሙኒየም ካገኘ ግን ገጹን ያደበዝዘዋል፤ የተለየ ችግር ካልገጠመ ባይነካ እመርጣለሁ። ሲላንቱ ከሁሉ የሚጠቅመው ቸርኬው ተፈቶ ሲቀባ ነው። ፊቱን ሁሉም ይቀባዋል፤ ብናኙ የሚከማቸው ግን ከጀርባው፣ ዲስኩን በሚያቅፈው በርሜል ላይ ነው። ጎማ ለማዘዋወር በሚፈታበት ቀን ደርቦ መሥራት ነው። ስስ አድርጎ ቀብቶ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ ማቆየት፣ መወልወል፣ ጊዜ ካለ መድገም።

ድብዝዝ ብሎ እንዲታይ ተደርጎ የተቀባ ቸርኬ የሚያብለጨልጭ ሰም አይወድም፤ እዚህም እዚያም ወዝ ያበጅና ይዥጎረጎራል። ለእሱ የሚሆን የራሱ ሲላንት አለ።

የማይቀቡ ቦታዎች ላይ ቀልድ የለም። የፍሬን ዲስክ ሰምም ሲሊኮንም እንዳይነካው፤ ፍሬን የሚይዘው በመፋተግ ነውና። ጠብ ካለበት በፍሬን ማጽጃ ይጠረግ፣ ከዚያም ዝግ ባለ ፍጥነት ፍሬኑን ደጋግሞ መሞከር። መንገድ የሚረግጠው የጎማ ገጽም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ሦስተኛው ነው፦ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ገጽና የዳዶዎቹ መቀመጫ። እዚያ የሚያዳልጥ ነገር ካለ የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ መለኪያ ቁልፍ የተጠበቀ ዳዶ ቁልፉ ከሚያሳየው በላይ ቡሎኑን ይስበዋል። በርሜሉን ቀብታችሁ ስትጨርሱ እነዚህን ቦታዎች በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ነው ቸርኬውን የምትመልሱት።